ያቆየሁት መርዶ

ይህን ሙሉውን ከአንዲት ሴት በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌም፣ ለእህቴም፣ እዚህ ጅቡቲ ካርቲየ 5 ሰፈር ውስጥ ግድግዳ ብቻ ለሚለየን ጎረቤቴም አልነገርኩም። ሰዎች የሚያውቁት ግማሹን ነው፤ ያ ግማሽ ደግሞ የሚያስመሰግን ሆኖ ተገኘ። «ፈቲያ እኮ ብልህ ናት። ሠራተኛዋን የእናቷን መርዶ በድንገት አላረዳቻትም፤ የጭንቀት ሐኪም ዘንድ ወስዳ፣ የሚደግፋት ሰው አጠገቧ አስቀምጣ ነው ያስነገረቻት» ይላሉ። እሰማቸዋለሁ፤ ዝም እላለሁ። ዝም ስል አዲስ ውሸት የዋሸሁ ያህል ይሰማኛል። እናንተ የምታነቡት ግን አታውቁኝም፤ ስለዚህ ለእናንተ ሙሉውን እናገራለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። ጅቡቲ የገባሁት በትዳር ነው፤ እኔና ባሌ የሴት ልብስና ሻሽ እንሸጣለን፤ እሱ ዕቃ ለማምጣት ዱባይ ሲመላለስ ሱቁን የምይዘው እኔ ነኝ። ትርንጎ እኛ ቤት የገባችው የመጀመሪያ ልጄ ገና ሳትራመድ ነበር። ከወሎ፣ ከሐይቅ አካባቢ የመጣች ልጅ ናት። የእኛን ባሕር መጀመሪያ ያየች ቀን «ጨው የገባበት ሐይቅ» አለችው፤ ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የባሕሩ ስም ይኸው ሆኖ ቀረ። ሙቀቱ ሲበረታ ሻሿን ውኃ ነክራ አንገቷ ላይ ትጠመጥምና ሥራዋን ትቀጥላለች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ስለ እናቷ ስታወራ ግን መሸፈኑን ትረሳዋለች።

እናቷ ስልክ አልነበራቸውም። ወንድሟ ጌታቸው ነበር በገበያ ቀን ወደ ከተማ ወጥቶ የሚደውልላት። የእሷ ስልክ ከእጇ ወድቆ ከተሰበረ ወዲህ በእኔ ስልክ ይደውላል፤ እኔም እጠራትና አቀብላታለሁ። እንዲህ ነበር የለመድነው።

ያን ቀን ሲደውል የስምንት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ባሌ አልነበረም። ትርንጎ ሰገነት ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር።

«እትዬ፣ አጠገብሽ አለች?» አለኝ። የለችም አልኩት።

«እናታችን አርፋለች። ቀብረናታል። አደራሽን፣ ብቻዋን ሳለች እንዳትነግሪያት። እህል ውኃ ከቀመሰች በኋላ፣ የአገሯን ሰዎች ሰብስበሽ በወጉ አርጂልኝ። እዚያ አገር ካንቺ ሌላ ማንም የላትም።»

«እሺ» አልኩት። አለቀስኩም። እንባዬ የውሸት አልነበረም፤ ይህን እንድታምኑኝ እፈልጋለሁ። ቆይ ግን፣ ለምንድን ነው እንድታምኑኝ የምፈልገው? ያለቀስኩት እውነት ቢሆን ምን ይለወጣል?

አርብ ሴቶቹን እጠራለሁ ብዬ አሰብኩ። አርብ ሲደርስ እግሬ አብጦ መቆም አቃተኝ። ትርንጎ ሳፋ ሙሉ ለብ ያለ ውኃ በጨው አምጥታ፣ መሬት ቁጭ ብላ እግሬን አሸችልኝ። «እናቴም ወንድሜን አርግዛ ሳለች እንዲህ ያብጥባት ነበር» አለችኝ ቀና ብላ። ያን ጊዜ እንዴት ልንገራት? አልኩ። አሳዘነችኝ አልኩ። ግን ከማዘኔ ሥር ሌላ ነገር ነበር፤ ያኔም አውቀው ነበር። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ደም ፈስሶኝ ከሞት ነው የተረፍኩት። ትርንጎ ከሰማች ትሄዳለች። ከሄደች ምጥ ሲመጣ እጄን የሚይዘኝ ማን ነው? ይህን ነበር የማስበው። የእሷ እናት ሞታ እኔ የማስበው ስለ ራሴ እጅ ነበር።

ጌታቸው እንደገና ደወለ። ነገርሻት ወይ? አለኝ።

«ነግሬያታለሁ» አልኩት። «በጣም አለቀሰች። አሁን መናገር አልቻለችም። እስክትረጋጋ ትንሽ ተዋት።»

አመሰገነኝ። በሰላም ያገላግልሽ ብሎ መረቀኝ። እኔ ደግሞ «አሜን» አልኩ! በገዛ ውሸቴ ላይ የቆመ ምርቃት ተቀብዬ አሜን አልኩ። እሱም እንዳልኩት ተዋት። እህቱ ኀዘን ላይ ናት ብሎ፣ አክብሮ ተዋት። እሷ ደግሞ ወንድሟ ለምን ዝም እንዳለ ግራ ገባት። ሁለቱን መሐል ላይ ቆሜ የለያየኋቸው እኔ ነኝ።

ቢላልን ስወልድ አጠገቤ ነበረች። እጄን ይዛ «አይዞሽ እትዬ፣ አይዞሽ» እያለች አዋለደችኝ ማለት ይቻላል። ከዚያ አራስ ነኝ አልኩ። ከዚያ ሙቀቱ ይለፍ አልኩ፤ በዚያ ሐሩር ማን ኀዘን ይቀመጣል? ከዚያ ባሌ ይምጣ አልኩ። ባሌ መጣና ሄደ፤ ለእሱም አልነገርኩትም። የተሰበረ ስልኳን እንዳሠራላት ሰጥታኝ ነበር፤ ስትጠይቀኝ «ዕቃው አልመጣም ብሏል ሠሪው» እላታለሁ። ሠሪው ጋ ወስጄውም አላውቅም። «ከእናቴ ወሬ አለ?» ስትለኝ «ደህና ናቸው ይላሉ» እላለሁ። አንድ ቀን ሱቅ መጥታ፣ ብዙ አገላብጣ፣ ጥቁር ሰማያዊ ሻሽ መረጠች። «ለእናቴ ነው፤ ወደ ድሬ የሚሄድ ሰው ስታገኚ ላኪልኝ» አለችኝ። ተቀበልኳት። ሻሹን ድሬዳዋ ላለችው አክስቴ ላክሁት። አክስቴ ደውላ አመሰገነችኝ።

እንዲህ እያልን ቢላል ዳዴ ማለት ጀመረ፤ ትርንጎ ደግሞ መታመም ጀመረች። እንቅልፍ አጣች። ደረቴ ላይ እሳት አለ ትላለች። ማንኪያ ይዛ ምድጃው ፊት ትቆምና ምን ልትሠራ እንደነበር ይጠፋታል። ወደ ሐኪም ወሰድኳት፤ ደሟን፣ ልቧን መረመሩ፤ ምንም አላገኙም። ሐኪሙ «ይህን የሚያዩ ሌላ ባለሙያ አሉ፤ ከእሳቸው ጋር ትነጋገር» ብሎ ማዳም ኸድራ የሚባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ላከን። ትርንጎ ደነገጠች።

«አብጃለሁ እንዴ እትዬ?»

«አላበድሽም። ማውራት ብቻ ነው» አልኳት። እኔም ግን ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። መርፌ ይወጓታል፣ ወይም እንቅልፍ የሚያስወስድ ክኒን ሰጥተው ይልኩናል ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

ክፍሉ ትንሽ ነበር። ሦስት ወንበር፣ ጠረጴዛ ላይ ሶፍት፣ ድምፁ እንዳይረብሽ ወደ ግድግዳ የዞረ ቬንቲሌተር። ማዳም ኸድራ እጃቸው ላይ ሒና ያላቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ የአገሩ ሴት ናቸው። ነጭ ጋዋን አልለበሱም። አማርኛ አይችሉም፤ እኔ ፈረንሳይኛ እችላለሁ። አሠሪዋ መሆኔን ሲሰሙ ግን ፊታቸው ትንሽ ተለወጠ።

«ከቤቷ ውጭ የሆነ ሰው ቢያስተረጉምላት ይሻላል» አሉኝ።

«ለዛሬ ማንም አላገኘሁም» አልኩ። አልፈለግሁም ነበር። ምን ትል እንደሁ ሳልሰማ መቅረት ፈራሁ።

«እንግዲህ ለዛሬ ብቻ» አሉና ወደ ትርንጎ ዞሩ። የሚናገሩት ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ነበር፤ ዓይናቸው እሷ ላይ ነው። እዚህ የምትናገሪው ከዚህ ክፍል አይወጣም አሉ። መናገር ካልፈለግሽ ዝም ማለት ትችያለሽ፤ ዝምታሽንም አብሬሽ እቀመጥበታለሁ። መድኃኒት አልሰጥም። ባንድ ቀን አይሻልሽም፤ አንዳንዴ መጀመሪያ ላይ የባሰብሽ ሊመስልሽ ይችላል። እኔ ካልተስማማሁሽ ንገሪኝ፤ አልቀየምም፤ የሚስማማሽን አብረን እንፈልጋለን። አስተርጓሚሽ ካልተመቸችሽም ሌላ መጠየቅ ትችያለሽ።

ሁሉንም ተረጎምኩላት። የመጨረሻውን ዘለልኩት።

ትርንጎ ጣቶቿን እያፍተለተለች ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ማዳም ኸድራም ዝም አሉ፤ ሰዓት አላዩም፣ ብዕር አላነሱም። እኔ ነበርኩ መቀመጥ ያቃተኝ። ከዚያ ጀመረች።

«እናቴን በሕልሜ አያታለሁ። በሩ ላይ ትቆማለች፤ ግቢ ስላት አትገባም። ሞታ ይሆን? ብትሞት ይነግሩኝ ነበር። ወንድሜ ለምን ዝም አለ? ሰው ሲሞት በደም ይታወቃል ይላሉ፤ እኔም እንዲያ እየሆንኩ ነው። ሞታ ይሆን እንዴ? ጠይቂልኝ እትዬ፤ እሳቸው የተማሩ ናቸው። ሳይነግሩት የሰው ልብ ሞትን ያውቃል ወይ? በይልኝ።»

ወደ ማዳም ኸድራ ዞርኩና በፈረንሳይኛ «አገሯ ናፍቋታል፤ ቤተሰቧን ታልማለች» አልኩ።

እሷ ያን ሁሉ ልቧን አውጥታ በእኔ አፍ ላይ አስቀመጠችው፤ እኔ ደግሞ ዋጥሁት። ካደረግሁት ሁሉ ይህ ይከፋብኛል። መርዶውን ማቆየቴ ፍርሃት ነበር ልል እችል ይሆናል። ይህንስ ምን እለዋለሁ?

ማዳም ኸድራ አልተቆጡም። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

«አማርኛ አልችልም» አሉኝ። «ዐረብኛ ግን እችላለሁ። ሞት የሚለው ቃል በዐረብኛም በአማርኛም ያው ነው። ደጋግማ ስታነሳው ሰምቻለሁ። አንቺ አንድ ጊዜም አላነሳሽው። እባክሽ፣ ያለችውን እንዳለችው ንገሪኝ።»

ትርንጎ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ታያለች። በመጨረሻ በፈረንሳይኛ አወጣሁት፤ እናቷ ሞታለች፣ እኔ አውቃለሁ፣ እሷ አታውቅም።

ማዳም ኸድራ ለአፍታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ፣ «በዚህ ክፍል ውስጥ እኔና አንቺ ስለ እሷ የምናውቀው፣ እሷ የማታውቀው ነገር ሊኖር አይችልም» አሉ። «አሁን እንዲህ በያት። ከባድ ወሬ አለ። ዛሬ እዚህ መስማት ትፈልጊያለሽ፣ ወይስ የምትወጂው ሰው አጠገብሽ ኖሮ? የምትመርጪው አንቺ ነሽ። በያት።»

አልኳት። ቃል በቃል።

ትርንጎ አየችኝ። «እናቴ ናት አይደል?» አለች።

«አዎ።»

«መቼ?»

«በቅርቡ» አልኩ። እዚያ ሁሉ ደርሼ፣ በዚያ ሰዓት እንኳ!

«በቅርቡ ማለት መቼ ነው እትዬ?»

አንገቴን ደፋሁ። «ቢላል ሳይወለድ» አልኳት።

አልጮኸችም። ፊቷን አልቧጠጠችም። ለረጅም ጊዜ እጆቿን ብቻ ታይ ነበር፤ የቢላልን ሰውነት በየቀኑ የሚያጥቡትን እጆች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እንግዲህ ለእናቴ ማልቀስ ሲገባኝ ለልጅሽ እሹሩሩ እያልኩ ነበር» አለች። እንባዋ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሲመጣ ደግሞ ጎርፍ ሆነ።

ማዳም ኸድራ ከወንበራቸው ወርደው ከእሷ ዝቅ ብለው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። አልነኳትም። «እጅሽን ልያዝሽ? ብለሽ ጠይቂያት» አሉኝ። ጠየቅኋት። እጇን ሰጠቻቸው። በማውቀው የለቅሶ ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ አላየሁም፤ ሁለት ሴቶች፣ ቋንቋ የማይግባቡ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ አይዞሽ እንኳ ሳትል አብራት ትቀመጣለች። ዝም በይ አላሏትም። እግዜር ያጽናሽ ብለው ለማስቆም አልተጣደፉም። ለቅሶዋ የእሷ ነበር፤ ለቀቁላት።

ትንሽ ስትረጋጋ፣ የዘለልኩትን ዓረፍተ ነገር ነገርኳት። «ቅድም ያላልኩሽ ነገር አለ። አስተርጓሚሽ ካልተመቸችሽ ሌላ መጠየቅ ትችያለሽ ብለው ነበር።»

«እፈልጋለሁ» አለች። ሳታስብበት፣ ሳትቆጣም።

ወደ ውጭ ወጣሁ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት። ሌላ ምን ላደርግ እችል ነበር?

ትርንጎ ያንኑ ዕለት ካርቲየ 6 ወደምትኖረው ወደ አገሯ ልጅ ወደ አልማዝ ቤት ሄደች። አልማዝ ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ የአገሩ ሰው ስለሆነ ፈረንሳይኛውንም ሶማልኛውንም አሳምራ ትናገራለች። ኀዘን የተቀመጠችው እዚያ ነው። የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ መጣ፤ እኔም ሄድኩ፤ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ በር ላይ ተቀመጥኩ። ሐኪም ዘንድ መረዳቷን ብቻ የሰሙ ሰዎች ጉንጬን እየሳሙ ስለ ብልህነቴ አመሰገኑኝ። ትርንጎ ትሰማለች። አላጋለጠችኝም። እኔም «አይደለም» አላልኩም። ለጌታቸውም ያን ሳምንት ደወልኩለት፤ ዋሽቼህ ነበር አልኩት። ስልኩን አልዘጋብኝም። «ምነው እትዬ» ብቻ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ትርንጎ ማዳም ኸድራ ዘንድ መመላለሷን ቀጠለች፤ አሁን የምታስተረጉምላት አልማዝ ናት። ምን እንደሚነጋገሩ አላውቅም፤ ማወቅም የለብኝም። የማውቀው መንገድ ላይ ሳያት ፊቷ እየተመለሰ መምጣቱን ነው።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ማዳም ኸድራን ሄጄ እኔንም ያዙኝ አልኳቸው። በትሕትና እምቢ አሉኝ፤ «እኔ የእሷ ነኝ፤ የሁለታችሁ ልሆን አልችልም» አሉ። የሌላ ሰው ስም ሰጡኝ። እዚያ ሄድኩ፤ ሰውየው ገና ግማሹን ሳልናገር ስልካቸውን እያዩ፣ «እርጉዝ ነበርሽ፣ ጥፋትሽ አይደለም፤ ጸሎትሽን አታቋርጪ» ብለው ሸኙኝ። ቀልሎኝ ወጣሁ፤ ቤት ሳልደርስ ግን ቅለቱ ጠፋ። የፈለግሁት ነፃ መባልን አልነበረም ማለት ነው? ወይስ ነፃ ያሉኝ ሳይሰሙኝ ስለሆነ ነው?

መተው አስቤ ነበር። ያልተውኩት ማዳም ኸድራ ለትርንጎ የነገሯት ትዝ ብሎኝ ነው፤ ካልተስማማሽ ሌላ ይፈለጋል። ፈልጌ ፈልጌ አንዲት ሴት አማካሪ ሃያብለ ሰፈር አገኘሁ። ክፍሏ ቆርቆሮ ነው፤ ቀትር ላይ እንደ ምድጃ ይግላል። በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ሰማችኝ፤ ሰምታ ስታበቃ ጥፋትሽ ነው አላለችኝም፤ ጥፋትሽ አይደለም አላለችኝም። «ያን ቀን ለጌታቸው ነግሬያታለሁ ስትዪው ምን ፈልገሽ ነበር?» አለችኝ። መልሱን ለማውጣት ብዙ ጊዜ መመላለስ ነበረብኝ። ያወጣሁት ቃል አጭር ነው፤ እንዳትሄድብኝ።

ትርንጎ የእናቷን ሙት ዓመት ለማውጣት ወደ አገሯ ስትሄድ ልትሰናበተን ቤት መጣች። ቢላል አወቃት፤ እጁን ዘርግቶ ወደ እሷ ሄደ። አቅፋ አንገቱን ሳመችው፤ ብዙ አቆየችው። እኔ ፊቷ ቆሜ፣ ለብዙ ሳምንት ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፍቶኝ «ይቅር በይኝ» ብቻ አልኳት።

«ገና ነኝ እትዬ» አለችኝ። «ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ እዋሻለሁ። ውሸት በመካከላችን እንዲጨመር አልፈልግም። ሲመጣልኝ እደውልልሻለሁ።»

አንዳንዴ ትደውላለች። ቢላልን ታናግረዋለች፤ ሰላምታ ታቀርብልኛለች። ያን ቃል እስካሁን አላለችም። እኔም በይኝ ብዬ አላስታውሳትም።

ይህን አሁን የምጽፈው ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛዬ ሱቅ ስለመጣች ነው። ሻሽ እያየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የሠራተኛዋ አባት መሞቱን ነገረችኝ። «እኔም እንዳንቺ በብልሃት ላቆየው አስቤያለሁ» አለችኝ። «ልጆቼ ፈተና ላይ ናቸው። ፈተናው ይለቅና፣ እንዳንቺ ሐኪም ዘንድ ወስጄ...»

ሱቁን ዘጋሁት። አስቀምጫት «ዛሬውኑ ንገሪያት፤ እኔ ያደረግሁትን አታውቂም» አልኳት። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ እንባዬ ቀደመኝና ከዚያ በላይ መናገር አቃተኝ። ግራ ተጋብታ ሄደች። ነግራት ይሁን አይሁን አላውቅም። አፌ ያልቻለውን ነው ለእናንተ የጻፍኩት፤ እሷም ታነበው ይሆናል።

እርጉዝ ነበርኩ አልልም። ባሌ አልነበረም አልልም። ሞትን ፈርቼ ነበር አልልም፤ ሁሉም እውነት ነው፣ አንዱም ግን ምክንያት አይሆነኝም። አልወዳትም ነበር እንዳትሉኝ። እወዳት ነበር። አዝንላትም ነበር። እያዘንኩላት ነው ከኀዘኗ ያስቀረኋት።